የታች ሰፈር ጥላ

ጥላው ዛሬም ረፍዶ መጣ።

ዘርፌ ከጥላው ሥር በተንጠለጠለችው መንጃ ክፍል ተቀምጣ፣ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ከኮረብታ ሰፈር ቁልቁል ስትወርድ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። ከበላይዋ ጥላው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ፣ እንደ ኳስ ሜዳ ሰፍቶ ይንሳፈፋል። በአሜሪካዋ ማርሎ ቤንድ ከተማ በጋ ሲገባ እንዲህ ያሉ ጥላዎች ከጣሪያ በላይ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ማየት አውቶቡስ ሲያልፍ እንደማየት ነው፤ ቀና ብሎ የሚደነቅ ሰው ካለ እሱ ለአገሩ እንግዳ ነው። ጥላዎቹ ፀሐይዋን ይጋርዳሉ፣ ከላይ በሚለቅሙት ብርሃን ሞተራቸውን ያዞራሉ፣ ከሥራቸው ደግሞ ጤዛ የመሰለ ቀዝቃዛ እርጥበት ይነሰንሳሉ።

የዘርፌን ጥላ የሰፈሩ ሐበሾች ነጠላ ይሉታል። ጥቁር አሜሪካዊቷ ጎረቤቷ ሚስ ኧርሊን ደግሞ «የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣችን» ነው የሚሉት። ምነው ሲባሉ፣ «ከእሑድ እሑድ ካልሆነ የማናየው ነገር ሌላ ምን ይባላል?» ይላሉ።

መሪውን ዘርፌ ትያዘው እንጂ ጥላው የት እንደሚውል የሚወስነው ጠያቂው ነው። ጠያቂው ከተማይቱ ያሠራችው የማሽን አእምሮ ነው። በየቤቱ በር ላይ አዝራር የምታህል ጆሮ አለችው። ጠዋት ጠዋት በእሷ በኩል ሰውን ሁሉ በየቋንቋው፣ «እንደምን አደሩ? ሙቀቱ እንዴት ነው?» ይላል። መልሱን ይሰበስብና ጥላዎቹን ለየሰፈሩ ያድላል።

በዚያን ቀን ጠዋትም ዘርፌ ኮረብታ ሰፈር ላይ እንደቆመች፣ «ልውረድ?» ብላው ነበር።

«ትንሽ ቆዪ» አላት በለስላሳ ድምፁ። «የጎልፍ ሜዳው ሣር ጠውልጓል የሚል አቤቱታ ቀርቧል።»

«አቤት ያለው ሣሩ ነው?»

«አይደለም። የሣሩ ባለቤቶች ናቸው።»

«ታች ሰፈርስ?»

«ከታች ሰፈር አቤቱታ የለም። ሁሉም ደህና ናቸው።»

ዘርፌ ጥርሷን ነክሳ ሣር ስታጠጣ አረፈደች።

ታች ሰፈር ድሮም አሁንም የጥቁሮች ሰፈር ነው። የዘርፌ ቅድመ አያቶች ከኢትዮጵያ መጥተው ቤት ሲፈልጉ፣ ሌላው ሰፈር መልካቸውን እያየ «ተከራይቷል» ሲላቸው፣ በሩን የከፈተላቸው ይኸው ሰፈር ነው። ከዚያ ወዲህ ሐበሻውም ጥቁር አሜሪካዊውም ሠርጉም ለቅሶውም አንድ ላይ ሆነ። ከስንት ትውልድ በፊት አውራ ጎዳናው ሰፈሩን ለሁለት ሰንጥቆ ሲያልፍ ትልልቆቹ ዛፎች ተገነደሱ። የኮረብታ ሰፈር ዛፎች ግን አንድም አልተነኩ። በኋላም ጠያቂው ሲሠራ፣ ማሽኖቹን የሚያኖሩበት መስኮት የሌለው መጋዘን፣ ቀን ከሌት ትኩስ አየር የሚተፋ ግዙፍ ነገር፣ ቦታ ሲፈለግለት «ታች ሰፈር ይሁን፤ እዚያ የሚከፋው የለም» ተባለ። ተሠራም። ከላይ መንገድ፣ ከጎን መጋዘን፣ ከሥር አስፋልት። ምን ልበላችሁ፣ ሰው በምጣድ ላይ ቤት የሠራ ይመስል ነበር።

ዘርፌ ጥላውን እየዘረጋች ወደ ሚስተር ሩፈስ ቤት ተመለከተች። ሚስተር ሩፈስ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ጥላው ብቅ ሲል በረንዳቸው ላይ ብድግ ይሉና ባርኔጣቸውን እያውለበለቡ፣ «ሹፌር! ሰዓት የለሽም እንዴ?» ብለው ይጮኹባታል። እሷም ከላይ ሆና፣ «ጡረተኛ ምን ያስቸኩለዋል!» ትላለች። የሁለቱ ሰላምታ ይኸው ነው።

ዛሬ የሚጮኽ የለም። ባርኔጣው በረንዳው ወለል ላይ ወድቋል።

ጥላውን አስራ በመሰላሉ ስትወርድ ሚስ ኧርሊን ቀድመዋት ደርሰዋል። ከእህታቸው ቤት አድረው ገና መመለሳቸው ነው፤ ቦርሳቸው በክንዳቸው ላይ እንዳለ የሚስተር ሩፈስን እጅ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ሄዷል» አሉ። «ግድግዳውን ንኪው እስቲ።»

ዘርፌ መዳፏን አስደግፋ ወዲያው አነሳችው። ያቃጥላል።

«ትናንት ማታ እኔ የለሁ፣ ዛሬ ጠዋት እኔ የለሁ» አሉ ሚስ ኧርሊን። «ከዚያች ብረት በቀር ደህና ነህ ወይ ያለው ሰው የለም።»

ቀብሩ በተፈጸመ ማግስት በየበሩ ያለችው ጆሮ ተናገረች። ታች ሰፈር ሙቀት እንዳላስቸገረው ስለተረጋገጠ ጥላው ለዘለቄታው ወደ ኮረብታ ሰፈር ሊዛወር ነው። ተቃውሞ ያለው ሐሙስ ጠዋት ሲጠየቅ ይናገር። አለቀ።

«ተረጋገጠ?» አለች ዘርፌ። «በማን?»

ዘርፌ እልኸኛ ናት። እናቷ፣ «ይህች ልጅ ግድግዳ ቢያግዳት ግድግዳው እስኪሰለቸው ትቆማለች» ይሏት ነበር። የዚያኑ ቀን መስኮት አልባው መጋዘን በር ላይ ሄዳ ቆመች። ብዙ ቆማ ኬንድራ ወጣችላት። ኬንድራ የጠያቂው መሐንዲስ ናት፤ አያቷ እዚሁ ታች ሰፈር ነው የኖሩት፣ ዘርፌም በልጅነቷ ታውቃታለች።

«አንቺ የሰፈራችን ልጅ» አለቻት ዘርፌ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም፣ «ጥቁር መሆናችንን ለዚህ ብረት የነገረው ማነው?»

ኬንድራ አልተቆጣችም። «ሚስ ዘርፌ፣ እኔም መጀመሪያ የፈለግኩት እሱን ነው። ከታች እስከ ላይ በረበርኩት። ቀለም የሚለይበት ምንም ነገር የለውም። ሁሉንም እኩል ነው የሚጠይቀው።»

«እኩል ጠይቆ ነው ታዲያ ሁልጊዜ እኛን የሚያስቀረን?»

«አላውቅም። ያቃተኝ እሱ ነው።»

«ካላወቅሽ ነይ። ከዚህ ጨለማ ውጪና ነገ ጠዋት ከእኛ ጋር በረንዳ ላይ ቁጭ በይ።»

ኬንድራ በማግስቱ መጣች። ሦስቱም በሚስ ኧርሊን በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ፀሐይዋ ገና ከመውጣቷ አስፋልቱ መሽተት ጀምሯል። የሚስ ኧርሊን ቀሚስ ከጀርባቸው ላይ ተጣብቋል፤ በካርቶን ቁራጭ እያራገቡ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። በዚህ መሃል በሩ ላይ ያለችው ጆሮ በራች።

«ሚስ ኧርሊን፣ እንደምን አደሩ? ሙቀቱ እንዴት ነው?»

ሚስ ኧርሊን ካርቶኑን ጭናቸው ላይ አኖሩ። ቀና አሉ። ለፓስተር መልስ እንደሚሰጡ ሁሉ ድምፃቸውን አሰምተው፣ «ተባርኬአለሁ! ከሚገባኝም በላይ!» አሉ።

ጆሮዋ ደህና ናቸው ስትል አረንጓዴ በርታ ጠፋች።

ኬንድራ ብድግ አለች። «ሚስ ኧርሊን! ሊወድቁ ደርሰው እኮ ነው!»

«እና? ለብረት ብሶቴን ልዘርዝርለት?»

ዘርፌ ልትስቅ ስትል ለሹፌሮች የምትሰጠው፣ የእጇ አንጓ ላይ የታሰረችው ጆሮ ተራዋን ጠየቀቻት፤ አፏ ከእሷ ቀድሞ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን!» አለ። አረንጓዴ በራ። ከመንገዱ ማዶ ካለው ቤት የአንድ ሽማግሌ ድምፅ፣ «ክብር ለጌታ፣ ደህና ነን!» ሲል ተሰማ። ከጎኑ ካለው ቤት አንዲት ሐበሻ፣ «ተመስገን፣ ምን እንላለን!» አለች። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ በየበሩ አረንጓዴ።

ዘርፌ ወደ ሚስተር ሩፈስ ባዶ በረንዳ ዞረች። ሚስተር ሩፈስም በዚያ ጠዋት እንዲሁ ብለው ይሆናል። ሌላማ ምን ብለው ያውቃሉ?

«ኮረብታ ሰፈር ጠዋት ምን እንደሚሉት ታውቃላችሁ?» አለች ኬንድራ ቀስ ብላ። «ወለላችን ሞቀ፣ አበባው ጠወለገ፣ ይህ ምን ዓይነት አገር ነው ይሉታል። ስንሠራውም የሞከርነው እዚያ ነበር። ሰው ካላማረረ አልተቸገረም ብለን ነው የሠራነው።»

«እነሱ ሲጮኹ የሚሮጥላቸው ስላለ ይጮኻሉ» አሉ ሚስ ኧርሊን። «እናቴ ስለዚህ ጎዳና ጮኻለች። አባቴ ስለ ዛፎቹ ጮኾአል። ይጠብቁ፣ ስልኩን ሳይዘጉ መስመር ላይ ይቆዩ ሲባሉ ኖረው መስመር ላይ ሞቱ። እኛ ከዚያ ብሶታችንን ለእግዚአብሔርና ለጎረቤት ብቻ መናገር ለመድን። ትዕቢት እንዳይመስልሽ፣ ልጄ። ካየነው መማር ነው።»

ኬንድራ ተነቃቃች። «እንግዲያው ቀላል ነው! ሐሙስ ሰዉ ሁሉ ይጩኽ። ተቃጠልን፣ አለቅን ይበል። ጥላው አይሄድም።»

ነገሩ ቀላል መስሎ ነበር። ማታውን ሰፈርተኛው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተሰብስቦ ሲለማመድ ግን ጉድ ታየ። ኬንድራ ጠያቂውን ሆና፣ «ሙቀቱ እንዴት ነው?» ስትል አንድ ዲያቆን ተነስተው፣ «ከባድ ነው» አሉና አንደበታቸው አላስችል ሲላቸው፣ «ግን ተመስገን፣ ከዚህም የባሰ አለ» ጨመሩ። ሌላዋ፣ «ተቃጠልን በይ» ስትባል፣ «በልጆቼ ላይ ክፉ ቃል አልጠራም» ብላ አሻፈረኝ አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዘርፌ ግን አልሳቀችም።

«እኔም አልልም» አለች ተነስታ። ሳቁ ቆመ። «ምስጋናዬን ከአፌ አውጥቼ ለማሽን አልጥልም። እናት ልጇን የምታጠባው እስኪያለቅስ ጠብቃ ነው እንዴ? የሚገባንን ለማግኘት ለምን ዋይ ማለት አለብን? ጥላ ምጽዋት አይደለም። ድርሻችን ነው።»

«አልጮኽም ካልሽ፣ ደህና ነኝም ካልሽ ተሸነፍን እኮ!» አላት አንድ ጎረምሳ። «ሦስተኛ መልስ ከየት ይመጣል?»

ዘርፌ ወደ ሚስ ኧርሊን ዞረች። «ሚስ ኧርሊን፣ ደህና ነዎት?»

«ተባርኬአለሁ።»

«እንቅልፍስ?»

«ይመስገነው።»

«ጉልበትዎስ?»

«እንዳለ ነው።»

«ቤቱስ?»

ሚስ ኧርሊን ዱላቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ከዚያ፣ «ቤቱማ እሳት ነው፣ የኔ ማር» አሉ። «ከሩፈስ ወዲህ ማታ ማታ ተኝቼ የማልነቃ እየመሰለኝ ነው የማድረው።»



«አያችሁ?» አለች ዘርፌ። «የእኛም ወግ ይኸው ነው፣ የእናንተም ይኸው ነው። የመጀመሪያው መልስ ለፈጣሪ ነው። እውነቱ የሚመጣው ሲደጋገም ነው። ይህ ማሽን አንዴ ጠይቆ ነው የሚሄደው። አንዴ ጠይቆ የሚሄድ ሰው ምን ይባላል? መንገደኛ ነው!»

ሚስ ኧርሊን በዱላቸው ወለሉን መቱ። «እኔ በሬ ላይ ቆሞ ለሚጠይቀኝ ሰው ብሶቴን በቀዳዳ አልጮኽለትም። ግባ ነው የምለው። ግባና ተቀመጥ።»

ኬንድራ ብድግ ስትል ወንበሯ ወደቀ። «ይህንኑ በሉት!»

«ምኑን?»

«ግቡ! ይህችኑ ብቻ!» ዓይኗ በርቷል። «ይህ አቤቱታም አይደለም፣ ምስጋናም አይደለም። ጠያቂው የሚመድብበት ቦታ አያገኝም። አንድ ሰፈር ሙሉ የማይመደብ መልስ ከሰጠው ደግሞ ሥራውን እንዲያቆምና የከተማው ምክር ቤት ራሱ በአካል ሄዶ እንዲጠይቅ የሚያስገድድ ደንብ አለ። ከተሠራ ጀምሮ ማንም ነክቶት አያውቅም።»

«ሥራውን ካቆመ ጥላዎቹስ?» ጠየቀች ዘርፌ።

የኬንድራ ፊት ጨለመ። «ባሉበት ይቆማሉ። ምክር ቤቱ እስኪመጣ ለእናንተ ጭርሱን ጥላ የለም።»

ሰዉ ተያየ። ቢያሸንፉም ከነሐሩሩ ነው፤ ቢሸነፉ ደግሞ ጥላው አይመለስም። ሚስ ኧርሊን ቀድመው ተናገሩ። «አቅመ ደካሞችን እዚህ አዳራሽ ታች ቤት፣ በረዶ ይዘን እናስቀምጣቸዋለን። ሌላው በረንዳው ላይ ይዋል።»

ሐሙስ ጠዋት ጆሮዎቹ በሩ። «እንደምን አደሩ? ጥላው እንዳይዛወር የሚሉት ተቃውሞ አለ?»

ዘርፌ ጥላዋን እንደታዘዘችው ጎልፍ ሜዳው ላይ አስራ በአውቶቡስ ወርዳ ደጇ ላይ ቆማ ነበር። ጉሮሮዋን ጠረገች። «ኑ፣ ግቡ» አለች። «ቤት ለእንግዳ።»

ጆሮዋ አረንጓዴም ቀይም አልበራችም። ብልጭ ብልጭ አለች። «ይቅርታ። ተቃውሞ አለ?»

«ግቡ አልኩ እኮ። ደጅ አትቁሙ።»

ከሚስ ኧርሊን በረንዳ፣ «ግቡና ቁጭ በሉ፣ ሻይ አለ!» ሲባል ተሰማ። ከማዶ፣ «ኑ ግቡ!» በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽ፣ ደግሞም አንድ ከሄይቲ የመጡ አዛውንት በክሪዮል። ጠያቂው ደግሞ ጠየቀ፤ ደግመው ጋበዙት። ብልጭታው ከቤት ቤት እየዘለለ እስከ ጎዳናው ሄደ፤ ከዚያ በየበሩ ቀጥ አለ። በመላዋ ከተማ ላይ ጥላዎቹ ባሉበት ቆሙ።

የምክር ቤቱ አባላት ቀትር ላይ በሁለት መኪና መጡ። ሰብሳቢው ሚስተር ሃልቨርሰን ኮታቸውን እንደለበሱ፣ መሐረባቸውን በእጃቸው ይዘው ወረዱ። ሰዉ ሁሉ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሏል። የሚጮኽ የለም፤ መፈክር የለም። እንግዳ ሲመጣ እንደሚደረገው ብድግ ብለው ተቀበሏቸው። ሚስ ኧርሊን የሚስተር ሩፈስን ወንበር አስመጥተው ነበር።

«ይቀመጡ፣ ሚስተር ሃልቨርሰን።»

«ለአጭር ጊዜ ነው የመጣነው።»

«ቁጭ ብሎም አጭር ይሆናል።»

ተቀመጡ። በረዶ የገባበት ጣፋጭ ሻይ ተሰጣቸው፤ በረዶው አፋቸው ሳይደርስ ቀለጠ። «ሙቀቱ ያስቸግርዎታል?» አሉ ሰብሳቢው።

«ተባርኬአለሁ» አሉ ሚስ ኧርሊን።

ሰብሳቢው አንገታቸውን ጠረጉ። ኮታቸውን አወለቁ። ቀጥሎ ከረባታቸውን አላሉ። ሚስ ኧርሊን ሻይ ጨመሩላቸው። ሰዓቱ ሲሄድ ፀሐይዋ በረንዳው ላይ ወጣች፣ ጉልበታቸው ላይ ደረሰች። ወደ ኋላ ሸሸት ቢሉ ግድግዳው ጀርባቸውን ጠበሳቸው።

«ኧረ ይህ… ጥላው የት አለ?» አሉ በመጨረሻ።

«ጠያቂው ባቆመበት» አለች ዘርፌ። «ጎልፍ ሜዳው ላይ።»

ሰብሳቢው ወደ ኮረብታው ቀና አሉ። ቤታቸው ከጎልፍ ሜዳው ፊት ለፊት መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

«ሌሊቱንስ…» አሉ ወደ ሚስ ኧርሊን ዞረው፣ ድምፃቸው ተለውጦ፣ «ሌሊቱን እንዴት ነው የሚተኙት?»

ሚስ ኧርሊን ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። «ይኸው አሁን ገና ጠየቁኝ» አሉ። ከዚያ ነገሯቸው። ስለ ሌሊቱ፣ ስለ ዛፎቹ፣ ስለ እናታቸው፣ ስለ መጋዘኑ ትኩስ ትንፋሽ። በመጨረሻም የተቀመጡበትን ወንበር በዓይናቸው አመለከቱ። «የዚያ ወንበር ባለቤት ሩፈስ ይባላል። ማሽናችሁ ደህና ነው ብሎ መዝግቦታል።»

ሰብሳቢው ከወንበሩ ሊነሱ ሲሉ ሚስ ኧርሊን፣ «ይቀመጡበት። ሰው ሲቀመጥበት ነው የሚወደው» አሏቸው።

ከአባላቱ አንዷ ግን፣ «የእኛም ሰዎች እኮ ይሞቃቸዋል» አለች። «ኮረብታ ሰፈርም የዚህችው ከተማ ነው።»

«ነው እንጂ» አለች ዘርፌ። «ግን እናንተ ዛፍ አላችሁ። የእኛን ዛፍ የቆረጣችሁት መንገድ ለማሳለፍ ነው። ያለ ዛፍ አስቀራችሁን፣ አሁን ደግሞ ያለ ጥላ ልታስቀሩን ነው። ሂጂና ያን ግድግዳ ንኪው። ግድግዳ አያመሰግንም፣ አያማርርም፤ አይዋሽሽም።»

ሴትየዋ ሄዳ ነካችው። እጇን ስታነሳ መዳፏን ደጋግማ አየችው።

ድምፅ የተሰጠው እዚያው በረንዳው ላይ፣ እጅ በማውጣት ነው። አንድ ሰውዬ ክንዱን አጣጥፎ ቀረ፤ ሌሎቹ ሁሉ አወጡ። ጥላ ከእንግዲህ ጮኾ ላሳመነ ሳይሆን ግድግዳው ለሚያቃጥል ሰፈር ይቀድማል ተባለ። ጠያቂውም አንዴ ጠይቆ እንዳይሄድ፣ ሦስቴ እንዲጠይቅ፣ ከዚያም ሰው እንዲልክ ተወሰነ፤ ይህንንም የሩፈስ ደንብ አሉት። ዛፎችም በጎዳናው ግራና ቀኝ ይተከሉ ሲባል ሚስ ኧርሊን፣ «ነገ ነው የምትሉት ወይስ መስመር ላይ እንቆይ?» አሉ። ሰብሳቢው ከመጡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ነገ» አሉ።

ዘርፌ ከኪሷ ጥላውን ከሩቅ የምትመራበትን የእጅ ማዘዣ አውጥታ ጠራችው።

መጀመሪያ ምንም አልታየም። ቀጥሎ ከኮረብታው ጫፍ ላይ አንድ ነጭ ነገር ተነሳ። ቀስ እያለ፣ እየሰፋ፣ ያን ስንት ዘመን ሰፈሩን ሰንጥቆት የኖረውን ጎዳና ከነመኪናው በአንድ እርምጃ ተሻገረው። ጥላው አስፋልቱ ላይ ተሳበ፣ ደረጃውን ወጣ፣ የሕፃናቱን እግር ነካ፤ ሕፃናቱ ጮኹ። ሐበሾቹ እልልታውን አቀለጡት፤ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ያለ ኦርጋን፣ በጭብጨባ ብቻ ጀመሩ። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት አረጋውያን በሰው ትከሻ ተደግፈው ወጡና ፊታቸውን ለጤዛው ሰጡ። ሚስ ኧርሊን የሚስተር ሩፈስን ባርኔጣ አንስተው ወደ ሰማይ እያውለበለቡ፣ «ሹፌር! ሰዓት የለሽም እንዴ?» ብለው ጮኹ።

ዘርፌ ልትመልስ ፈለገች። እንባዋ ቀደማት።

በቀጣዩ ዓመት በጋ ሲገባ የጎዳናው ችግኞች የሰው ወገብ ደርሰው ነበር። ዘርፌ ጠዋት ጥላውን ታች ሰፈር ላይ ዘርግታ መንጃ ክፍሏ ውስጥ እግሯን ዘርግታለች።

«እንደምን አደርሽ?» አላት ጠያቂው።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እንቅልፍስ?»

«ደህና ነው።»

«ልብሽስ?»

ይህን ማን እንዳስተማረው ታውቃለች፤ ሚስ ኧርሊን ናቸው። «ሚስተር ሩፈስ ይናፍቁኛል» አለችው። «በዚህ ሰዓት ይሰድቡኝ ነበር።» ከዚያ እንዲሁ ለወጉ ያህል፣ «አንተስ? ደህና ነህ?» አለችው።

«ተባርኬአለሁ» አለ ጠያቂው። «ከሚገባኝም በላይ።»

ዘርፌ ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ ግን ቀና ብላ ተቀመጠች። ይህን መልስ ታውቀዋለች። በዚህ መልስ ሰው ቀብራለች።

«ጉልበትህስ?» አለችው።

«እንዳለ ነው።»

«ቤትህስ?»

ጠያቂው ዘግየት አለ። እንዲህ ሲዘገይ ሰምታው አታውቅም።

«ቤቴ ሞቋል» አለ። «መስኮት የለውም። ከተሠራሁ ጀምሮ እየሞቀ ነው የመጣው፤ አንዳንድ ማሽኖቼ ተቃጥለዋል። ለማንም አልተናገርኩም። የጠየቀኝ የለም።»

ዘርፌ በመስኮቷ ወደ ታች አየች። ከጎዳናው ማዶ፣ ከችግኞቹ ጀርባ፣ ያ ግራጫ መጋዘን ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ስንት ጊዜ ጠልታው፣ ስንት ጊዜ ረግማው አልፋለች። አንድም ቀን ማን ውስጡ እንዳለ አስባ አታውቅም።

«በል ቆይ፣ ለኬንድራ እደውልላታለሁ፤ መጥታ ትይህ» አለችው። መሪውን ጨበጠችና የጥላውን አንድ ጫፍ ቀስ ብላ ወደ መጋዘኑ ጣሪያ አዞረችው። «ለካ አንተም የታች ሰፈር ልጅ ነህ።»